የጉያ አሪቲ

እናቴ አሪቲ የተከለችው እኔን ከጉያዋ ባስወጣችበት ክረምት ነው። ሁለቱም ነገሮች በአንድ ሰሞን ስለመጡብኝ፣ ቦታዬን የቀማኝ ያ ቅጠል ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አምኜ ኖርኩ። የልጅ ሒሳብ ቀላል ነው፤ አንዱ ከወጣ ሌላው ገብቶበታል።

እስከዚያ ድረስ የምተኛው ከእሷ ጋር ነበር። አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሞተ፣ መደቡ ላይ የእሱ ቦታ የእኔ ሆኖ ቀርቷል። ቤታችን ከጓሳ በታች፣ ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ብቻውን የተቀመጠ የድንጋይ ቤት ነው፤ ነፋሱ ከላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። እኔ ግን ባናውን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ እጄን ጡቷ ላይ ጥዬ ከተኛሁ በኋላ ብርዱ የጎረቤት ጉዳይ ነበር። በሰኔ መግቢያ አንድ ቀን ያንን እጄን ቀስ ብላ አነሣችውና፣ «ከእንግዲህ ከኮከብ ጋር ተኚ፤ አድገሻል» አለችኝ። ማደጌን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ አልወደድኩትም።

ኮከብ ታላቅ እኅቴ ናት። በዚያው ሰሞን ከሞላሌ በኩል ሽማግሌ ተልኮ፣ ለምንተስኖት ታጭታ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሠርግ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረም። የእናቴ ወንድም ጋሼ ጌጡ በመጡ ቁጥር፣ «ሰባት ቤት ቆጥረው መረመሩን፤ አንድ እንከን አላገኙም» እያሉ ይኩራራሉ። እንከን የሚሉት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንደ በግ ጥርሳችንን የሚያዩን ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴ ይዛኝ መሐል ሜዳ ሄደች። ከአጣዬ በርበሬና ቅመም ጭና የምትመጣ ሲዲቃ የምትባል ነጋዴ ነበረች፤ ሁልጊዜ በርበሬ የምንገዛው ከእሷ ነው። እናቴ ግን ያን ቀን በርበሬውን እንኳ አላየችውም። ወደ ሲዲቃ ጆሮ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሲዲቃም ተነሥታ ከኋላዋ ያለውን ሸራ ገለጠችላትና ሁለቱም ገቡ። «አንቺ በርበሬውን ጠብቂልኝ» ተብዬ እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

ዝናብ ሸራውን ይደበድበዋል። ከውስጥ የልብስ ኮሽታ ሰማሁ። ከዚያ የሲዲቃ ድምፅ፣ «ወላሂ፣ ይሄ እቤት ተይዞ የሚቆይ ነገር አይደለም» አለ። ዝናቡ በረታና ጥቂት አመለጠኝ።

«ሠርጉ ይለፍልኝና እሄዳለሁ» አለች እናቴ።

«ትንሿንስ?»

«ጌጡ ይይዝልኛል።»

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብሽ ብቻ» አለች ሲዲቃ። እኔ እንግዲህ በርበሬ ሻጭ ስለሆነች ስለ በርበሬ የምታወራ መሰለኝ። «ትንሿ» የተባለችው ግን እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል። እናቴ ከሠርጉ በኋላ ትሄዳለች፤ እኔ ጋሼ ጌጡ ዘንድ እቀራለሁ። ወዴት ነው የምትሄደው? ከኮከብ ጋር፣ ወደ ሞላሌ፣ ሌላ ወዴት? የምትወዳትን ይዛ መሄዷ ነው ብዬ ጨረስኩት።

ከሸራው ስትወጣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሥር ይዛ ነበር። ሲዲቃ እስከ መንገዱ ድረስ እየሸኘች ትመክራታለች። «ውርጭ አትወድም። ጀርባዋን ለግድግዳ ስጫት። አበባ ልታወጣ ስትል ቀንጥሺያት፤ ካበበች ቅጠሏ ይሳሳል፣ ሽታዋም ይደክማል። አላህ ያሽርሽ።» የመጨረሻውን ቃል ነጋዴ ደንበኛዋን የምትመርቅበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሲዲቃን ካደግሁ በኋላ አጣዬ ድረስ ወርጄ አግኝቻታለሁ። ዝናቡ የወሰደብኝን የነገረችኝ እሷ ናት። የእናቴ ግራ ጡት ላይ እንደ ብጉር የጀመረው ነገር ያን ጊዜ ፈንድቶ ቆስሎ፣ ቁስሉም መሽተት ጀምሮ ነበር። ዛሬ የጡት ካንሰር ብዬ በስሙ እጠራዋለሁ። እናቴ ለበሽታው ስም አልነበራትም፤ ፍርሃት ብቻ ነበራት። ሰባት ቤት ተቆጥሮ የሚፈለገው እንከን የሥጋ ደዌ ነው። ገላው ቆስሎ የሚሸት ሰው ያለበት ቤት ደዌ አለበት ይባላል፤ ከዚያ ቤት ልጅ የሚያገባም የለም። ሐኪም ቤት ልሂድ ብትል ደግሞ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በምትወርደው ሚኒባስ ውስጥ ግማሹ መንዝ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው፤ ወሬው ሞላሌ የሚደርሰው ከእሷ ቀድሞ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብያት ነበር» አለችኝ ሲዲቃ። «እናትሽ ግን መድኃኒት አልጠየቀችኝም። ሽታ የሚሸፍን ነገር ነው የጠየቀችኝ።»

እናቴ አሪቲውን ከቤቱ ኋላ፣ ነፋስ በማያገኘው ጥግ ተከለችው። የበግ በጠጥና አመድ ቀላቅላ ሥሩን አለበሰችው። ደጋ ላይ አሪቲ አይለማም ያሏትን ሁሉ አሳፈረች። መስከረም ሲጠባ ጉልበቴ ድረስ ደርሶ፣ ግራጫ መሳይ ቅጠሉ ተንዠርግጎ ነበር። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲጀምር ፀሐይ ስትገባ በጓሳ ሳር ትሸፍነዋለች፤ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ትገልጥለታለች። እኔን ኮከብ ነበረች የምታለብሰኝ። ቁጭ ብዬ እያየሁ እቀና ነበር። በቅጠል የሚቀና ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አበባውን መከልከሏ ነው። ጫፉ ላይ ቢጫ ፍሬ የመሰለ እንቡጥ ብቅ ሲል፣ ነገ ያብባል ብዬ ስጠብቅ፣ ጧት መጥታ በጥፍሯ ትቀነጥሰዋለች። «አንድ እንኳ ተይልኝ» ስላት፣ «ካበበች ጉልበቷ ያልቃል፤ እስከ ጥር ጉልበቷን እፈልገዋለሁ» ትላለች።

በየቀኑ ጤዛው ሳይረግፍ ጥቂት ዘለላ ትቆርጣለች። በመዳፏ አሽታ መጋረጃ ጀርባ ትገባና ደረቷ ውስጥ ትሰካዋለች። ስትወጣ ቤቱ ያ መራራ ሽታ ይሞላዋል። ሴት አሪቲ የምትሰካው ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ሰው ፊት ለመውጣት ነው። እናቴ የበግ በረት ጠርጋ፣ ገብስ ፈትጋ ለምትውልበት ቀን ሁሉ ትሰካለች። ለመሄድ እየተለማመደች ነው ብዬ ደመደምኩ። ለብቻዋ ወንዝ ወርዳ የምታጥበውንና ማንም እንዳያየው የምታሰጣውን ነጭ ጨርቅም ለሞላሌ የምታዘጋጀው ሻሽ አድርጌው ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ማንም አልነበረም። ወደ ጓሮ ሄጄ ጥቂት ዘለላ ቀጠፍኩ፤ እንደ እሷ በመዳፌ አሸሁት፣ በቀሚሴ አንገት ወደ ውስጥ ከተትኩት፣ መደቡ ላይ የድሮ ቦታዬ ወጥቼ ባናውን ለብሼ ጠበቅኋት። ስትገባ ደነገጠች።

«ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?»

«እኔም ሸትቻለሁ» አልኳት። «አሁን ካንቺ ጋር መተኛት እችላለሁ።»

መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እጇን በቀሚሴ አንገት አስገብታ ዘለላዎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። «አንቺ ይሄ አያስፈልግሽም፣ የኔ ልጅ። አንቺ እንዲሁ ጥሩ ትሸቻለሽ» አለችኝና አለቀሰች። ለቀጠፍኩባት አሪቲ የምታለቅስ መስሎኝ ጓሮ ብዙ እንዳለ ነገርኳት።

በኅዳር፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ የምንተስኖት እናት እትዬ አመተሥላሴ ከዘመዶቻቸው ጋር ሊያዩን መጡ። ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል፤ ቤቱን፣ እጅ አሠራሩን፣ የወደፊት ምራታቸውን ደግሞ አማት ራሳቸው መጥተው ያያሉ። እናቴ ያን ቀን አሪቲውን ደረቷ ላይ ብቻ አልተወችውም፤ ከቄጠማ ጋር ቀላቅላ ቤቱን ሙሉ ጎዘጎዘችው። ኮከብ ዶሮውን ሠራች። እናቴ ከበሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸው።

እትዬ አመተሥላሴ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ። እናቴን አቅፈው ጉንጯን ሳሟት፤ ስመው ካበቁ በኋላ ግን ወዲያው አልለቀቋትም። ፊታቸው አንገቷ ሥር ቆየ። እናቴ ጀርባዋ እንደ እንጨት ደርቆ ቆማለች። በመጨረሻ ቀና ብለው መሬቱን አዩና፣ «በዓል ነው እንዴ ዛሬ እናንተ ቤት?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እናቴ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች።

ተበልቶ ሲያበቃ እትዬ አመተሥላሴ ተነሡ። «እመት ጥሩሸዋ፣ አሪቲዎን እስቲ ያሳዩኝ። አጥሩን ሳልፍ ነው የሸተተኝ።»

ሦስታችን ወደ ጓሮ ወጣን። እኔ የሄድኩት ልጠብቀው ነው፤ በልቤ ብጠላውም ለባዳ አልሰጠውም።

«ደጋ ላይ እንዲህ የለማ አይቼ አላውቅም። ደክመውበታል» አሉ።

«ለሠርጉ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለሠርጉ» አሉ። ከዚያ ሳይጠይቁ አንድ ዘለላ ቀነጠሱ። በመዳፋቸው አሹት። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው በግራ በኩል ደረታቸው ውስጥ ሰኩት፤ ይሄን ሁሉ ሲያደርጉ ዓይናቸውን ከእናቴ ላይ አላነሡም። «እኛም ቤት ነበረ። እኅቴ ነበረች የምትተክለው።»

«አሁንስ የለም?»

«አሁንማ እሷም የለች፣ አሪቲውም የለ።» ወደ እናቴ ጠጋ አሉ። «ወደ ደብረ ብርሃን የሚያስኬድ ጉዳይ ካለብዎ ለእኛ ብለው አይቆዩ። የተቆረጠ ሠርግ አይቀርም።»

«ኧረ ምን ጉዳይ ይኖረኛል፣ እትዬ? ደኅና ነኝ፣ ይመስገነው።»

«ይመስገነው» አሉ እሳቸውም። ወደ ቤት ተመለስን።

እኔ ሴትዮዋን ጠመድኳቸው። አሪቲያችንን ሳያስፈቅዱ መቅጠፋቸው ሳያንስ፣ እናቴን ወደ ደብረ ብርሃን ሊያባርሩ! እንግዶቹ ተሸኝተው ሲሄዱ እናቴና ጋሼ ጌጡ አጥሩ ሥር ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። በሽታዋን ከቤታችን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ የተረዳሁት ኋላ ነው።

«አላወቀችም» አለች እናቴ። ፊቷ በርቶ ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። «ልታወጣጣኝ ፈልጋ ደብረ ብርሃን ጉዳይ የለዎትም ወይ ትለኛለች። ይሄ አሪቲ ባይኖር ጉዴ ፈልቶ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ሂጂ፤ አላወቀችም ካልሽ» አሉ ጋሼ ጌጡ።

«ጠርጥራለች እኮ! ይሄኔ ብሄድ ያረጋገጥኩላት እኔው ነኝ። ጥር ሩቅ አይደለም።»

ጥር ለእሷ ሩቅ ነበረ። ጾሙ ሲጋመስ ግራ እጇን ማንሣት ተሳናት፤ ብርድ መትቶኝ ነው አለች። ሰውነቷ ሲቀልጥ ጎረቤት የሠርግ ሐሳብ ነው አለ። አሪቲው ግን እየለመለመ ሄደ።

ሠርጉ እንደ ደንቡ ሆነ። እናቴ ዳሱ በር ላይ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረቷን በአሪቲ ሞልታ፣ የመጣውን ሁሉ ስትቀበል ዋለች። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ እትዬ አመተሥላሴ፣ «ከሙሽራዋ ጋር የአሪቲሽንም ሥር ስጭኝ» አሏት፤ ያን ቀን ዘመድ ሆነዋልና አንቱታው ቀርቷል። እናቴ በአንድ እጇ ቆፍራ ሰጠቻቸው። መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆማ እጇን አወዛወዘች። ከተሰወረ በኋላ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ከጋሼ ጌጡ ጋር ሄደች። ይኸው፣ እንዳለችው ሄደች ብዬ የጋሼ ጌጡ ሚስት ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሞላሌ ከኮከብ ጋር ሠርግ ስትበላ ይታየኝ ነበር። እሷ ግን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ተልካ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሐኪሞች ደግሞ ወደ ቤቷ ላኳት። «ክረምት ላይ ብትመጡ ኖሮ» ነው ያሏቸው።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ተመለሰች። ጋሼ ጌጡ አቅፈው ከፈረስ አወረዷት። መደቡ ላይ ካስተኟት በኋላ እኔ በር ላይ ቆሜ አኩርፌ ሳያት ባናውን ገለጠችልኝ። «ነይ። በቀኝ በኩል ግቢ» አለችኝ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከልጅነቴ ሁሉ የተደሰትኩበት ነው። ሠርጉ አለፈ፣ ኮከብ ሄደች፣ እናቴ ለእኔ ብቻ ቀረች። አሪቲ መሰካቱን ተወችው፤ ከእንግዲህ የሚሰወርበት ሰው የለም። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔን የሚሸተኝ የእናቴ ሽታ ነው። ከትምህርት ቤት ሮጬ እመጣና ከጎኗ እገባለሁ። ሥራ አትሠራ፣ ገበያ አትሄድ፣ ሁልጊዜ አለች። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ሁልጊዜ እንደዚህ እንሁን» አልኳት። «እሺ» አለችኝ።

ሰኔ ላይ ሞተች። ከመቃብር ስንመለስ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አሪቲውን ለወራት የቀነጠሰው የለም። ከታች እስከ ላይ ጥቃቅን ቢጫ አበባ አውጥቶ ቆሟል። ለእኔ ብላ ተወችልኝ አልኩ። በተከታዩ ኅዳር ላይ፣ በሳር የሚሸፍነው ስላልነበረ፣ ውርጭ መትቶት ደረቀ።

አሁን ደብረ ብርሃን ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ጥር ኮከብን ልጠይቅ ሞላሌ ሄጄ ነበር። ግቢዋ በአሪቲ ተሞልቷል፤ ከእናቴ ጓሮ የሄደው ሥር ነው፤ በየዓመቱ እየቆረጡለት በየዓመቱ ይመለሳል። እትዬ አመተሥላሴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ጠፍቷል። ኮከብ እንጨት ልትለቅም ስትወጣ፣ «ብርነሽ፣ ፀሐይ ላይ አውጪኝ» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አሪቲው አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። አሪቲውን አሸተቱ።

«እናትሽን እኮ ያወቅሁባት ገና ስስማት ነው» አሉ።

ምኑን ነው ያወቁት ብዬ አልጠየቅሁም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እኅቴን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ያን ሽታ አሪቲ አይሸፍነውም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሌላ ሽታ ይወጣቸዋል፤ ያስታመመ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ሠርጉን ለምን አላፈረሱትም?»

«ለምን አፈርሰዋለሁ? ደዌ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲያውም ልጅቷን ለመውሰድ ቆረጥኩ፤ እንዲህ የሚሸሽግላት እናት ያላት ልጅ ለልጄ ትሁን አልኩ።»

«ለምን አልነገሯትም ታዲያ፣ እትዬ?» ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጮኸ።

«ሰው ቤት ገብቼ፣ ዶሮዋን በልቼ፣ አንቱ ተባብለን፣ ገላዎ ይሸታል ልበላት፣ ልጄ? አፈርኩ። ግን ነግሬያታለሁ እኮ። አሪቲውን እዚህ ሰካሁት» ደረታቸውን ነኩ፤ «ዓይን ዓይኗን እያየሁ። አውቃለሁ፣ አይፍሩኝ፣ ሄደው ይታከሙ ማለቴ ነው። ደብረ ብርሃንንም አነሣሁላት። ከዚህ በላይ በምን አፌ ልናገር?»

ነፋስ መጣና አሪቲውን አንቀሳቀሰው። እትዬ አመተሥላሴ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እጄን ፈልገው ያዙ።

«ገብቷት ነበር፣ አይደል? ገብቷት፣ ራሷ መርጣ ነው እስከ ጥር የቆየች። አይደለም ወይ?»

አጥሩ ሥር ቆማ የምትስቀው እናቴ መጣችብኝ። አላወቀችም ስትል ፊቷ የበራው፣ እንኳን ተከልኩት ብላ የተደሰተችው። ሁለት ሴቶች በአንድ ጓሮ ቆመው፣ አንዷ ልትምር፣ አንዷ ልትድን፣ ቃል ጠፍቶባቸው ተለያዩ። ልጮህ ፈለግሁ። የእናቴን ኅዳር፣ የእናቴን ታኅሣሥ መልሱልኝ ልላቸው ፈለግሁ። ማን ላይ ነው የምጮኸው? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ገብቷት ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው። «እርስዎን ሸኝታ ስትመለስ ለጋሼ ጌጡ ነግራቸዋለች። ደግ ሴት ናት፣ አውቃ ዝም አለችኝ ብላ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ይሄን ሳልሰማ ልሞት ነበር።»

ጫፉ ላይ ያበቡት አሉ፤ እነሱን ትቼ ከሥር ለጋ ዘለላ ቀነጠስኩ። በመዳፌ አሸሁና፣ ነጠላቸውን ገለጥ አድርጌ፣ በግራ በኩል ደረታቸው ላይ ሰካሁላቸው።